ባለ ቀይ ካባው

በልጅነቴ ከማንም የምበልጥበት አንድ ሙያ ነበረኝ። አንድ ሥዕል ተቆራርጦ፣ ወደ ትልልቅ ባለ ቀለም ሣጥኖች ተቀይሮ ሲቀርብልኝ የማን እንደሆነ ከሁሉ ቀድሜ እናገራለሁ። ለትምህርትም ለትዳርም የማይጠቅም ሙያ ነው። ያስተማረችኝ ቦሰና ናት። ቦሰና እኛ ቤት የመጣችው ለመደበቅ ነበር፤ እኔ ግን ከእኔ ጋር ልትጫወት የመጣች ነበር የመሰለኝ።

የምንኖረው ሳዑዲ፣ ሰሜን ኹበር፣ ከሥሩ የስልክ መሸጫ ሱቅ ያለበት አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ መሐመድሰዒድ ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ይጠግናል። እናቴ ሐቢባ ቤት ውስጥ አባያ ትሰፋለች። ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው። እኔ እዚያው ኹበር ተወልጄ ስላደግሁ ወሎን የማውቀው በእናቴ ቁጣ ብቻ ነበር፤ ስትናደድ አነጋገሯ ቀጥ ብሎ ደሴ ይገባል።

በፈረንጆቹ 2017፣ ሙቀቱ ገና ሳይብስ፣ ዙለይኻ የምትባል የእናቴ ጓደኛ ቦሰናን ይዛት መጣች። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ቦሰና በእጇ አንድ የላስቲክ ከረጢት ብቻ ይዛለች። ከረጢቱ ውስጥ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላና ጥጉ የተሰነጠቀ ታብሌት አለ። የታብሌቱ ቻርጀር በሥርዓት ተጠቅልሎ በወርቃማ የፀጉር ላስቲክ ታስሯል። እኔ በበኩሌ ዓይኔ ከታብሌቱ ሌላ ምንም አላየም።

«እንግዳችን ናት» አለች እናቴ፤ «ትንሽ አሟታል። እስክትድን እኛ ጋ ትቆያለች። ለማንም አታውሪ። ሰው ሲበዛባት ይብስባታል።»

የታመመች አትመስልም ነበር። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ እናቴን ዘርፍ በመጥለፍ ታግዛታለች። ክርስቲያን ስለሆነች የእኛን ሥጋ አትበላም፤ እናቴ ደግሞ እንግዳዋ ምስር ብቻ ስትበላ ማየት አላስቻላትም። ስለዚህ አባቴ ከደማም ሲመለስ ዓሣ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ዓሣ ሁላችንንም ያስማማ ነበር። አንዳንድ ሳምንት ቤታችን ዓሣ ዓሣ ብቻ ይሸት ስለነበር የታችኛው ባለሱቅ ምግብ ቤት ከፍታችኋል ወይ ብሎ ጠይቆናል።

የቦሰና ሕመም አንድ እንግዳ ጠባይ ነበረው። የበር ደወል በተደወለ ቁጥር ተነሥታ ወደ ስፌት ክፍሉ ትገባና ከተሰቀሉት ጥቁር አባያዎች ጀርባ ትቆማለች። እኔም ድብብቆሽ የምትወድ መስሎኝ እከተላታለሁ። እንግዳው ሲሄድ በአባያዎቹ መካከል አንገቴን አስግጌ «ኩኩሉ!» እላለሁ።

«አልነጋም» ትለኛለች በሹክሹክታ።

ሁልጊዜ አልነጋም ነው የምትለው። «ነጋ» ብላኝ አታውቅም። ድብብቆሽ የማይሰለቻት ትልቅ ሰው በማግኘቴ ዕድለኛ ነኝ እል ነበር።

የታብሌቱ ጨዋታ የዐረብኛ ስም ነበረው፤ እኛ ግን «ሣጥኖቹ» እንለዋለን። መጀመሪያ ስክሪኑን የሚሞሉ ጥቂት ትልልቅ ሣጥኖች ይመጣሉ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ። ትንሽ ቆይቶ እያንዳንዱ ሣጥን አራት ቦታ ይከፈላል። ከዚያ እንደገና። በመጨረሻ ሥዕሉ ጠርቶ ይወጣል፤ ችቦ የያዘው ቀበሮ፣ ደወል የተሸከመው ድብ፣ አንድ ዓይን ብቻ ያላት ቀስተኛ። ሁሉም የጨዋታው ዓለም ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ያወቀ ብዙ ኮከብ ይሰበስባል፤ እስኪጠራ የጠበቀ ባዶ እጁን ይቀራል።

እኔ አፍንጫዬ ስክሪኑን እስኪነካ ድረስ ተደፍቼ ነበር የምጫወተው። ቦሰና ታብሌቱን ከእጄ ወስዳ ከክፍሉ ማዶ የእናቴ ስፌት መኪና ላይ አስደግፋ አቆመችው።

«አፍንጫሽን ሰብስቢ። ቀርበሽ ካየሽው ሣጥን ብቻ ነው የምታዪው። ራቂ። አሁን ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ። ፊት አትፈልጊ፤ ፊት መጨረሻ ነው የሚመጣው። ትልቁ ቀለም የት ነው ያለው?»

«ከላይ።»

«ከታች ቢከብድ ቀሚስ ወይ ካባ ነው። ከላይ ከከበደ ግን ባርኔጣ አለው፤ አለዚያ የተሸከመው ነገር አለ።»

«ደወል! ድቡ ነው!»

«እንዲህ ነው እንጂ!»

ሌላም ሌላም ነገረችኝ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣውን ስም እንዳልወደው፤ ከወደድኩት ዓይኔ ሥዕሉን እያጣመመ ወደዚያ ስም እንደሚያመጣው። ሰውየውን ማወቅ ካቃተኝ የቆመበትን ቦታ እንዳይ፤ ሰማዩ ወይን ጠጅ ከሆነ የቀበሮው አገር ነው፣ ከሥር ነጭ ካለ በረዶው ላይ ነው። ማን አስተማረሽ ስላት ሳቀች።

«ማዳም ቤት ነዋ። እንግዶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ነው የሚገቡት። የቷ ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ ባረማመዷ ማወቅ አለብሽ። ፊት ማፊ፣ ፊት የለም!»

ጨዋታው ሌላም ነገር ነበረው። ተጫዋቹ ራሱ ፎቶ አንሥቶ፣ በሣጥን ቆራርጦ ለጓደኛው መላክ ይችላል። ጓደኛው ስም ጽፎ ይመልሳል፤ ላኪው ልክ ነው ወይም አይደለም ይላል። ከዚህ በቀር መልእክት መጻፍ የለ፣ ድምፅ መላክ የለ። የቦሰና ታብሌት ላይ አንድ ጓደኛ ብቻ ተመዝግቧል፤ ነዋፍ ይባላል። ከነዋፍ የሚመጡት ሥዕሎች ሁሉ መካከላቸው ላይ ቀይ አለባቸው። ሲጠሩ ቀይ ካባ አንገቱ ላይ ያሰረ ትንሽ ልጅ ይወጣል። አንዴ ሶፋ ላይ ቆሞ፣ አንዴ ከደረጃ ሊዘል አኮብኩቦ፣ አንዴ ሙዝ እየበላ። ሁልጊዜ ይስቃል።

ቦሰና የነዋፍን ሥዕል ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ገና ቦታቸውን ሳይዙ «ነዋፍ» ትላለች። ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ ስለማትጽፍ ስሙን የምጽፍላት እኔ ነኝ። ከማዶ ልክ ነው የሚል ምልክት ወዲያው ይመጣል።

እኔ ነዋፍን የጨዋታው ሰው አድርጌ ነበር የያዝኩት፤ ሌሎች ልጆች ያልደረሱበት፣ የተደበቀ ጀግና። ካባው የገላ ፎጣ እንደሆነ ሥዕሉ ሲጠራ በደንብ ይታያል። ድሃ ጀግና ነው ብዬ አለፍኩት። ትምህርት ቤት ሄጄም «ባለ ቀይ ካባው ጋ ደርሻለሁ» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ልጆቹ ቀኑብኝ። አንዷ እንዲያውም እሷም ደርሳ እንደነበርና ጨዋታው እንዳጠፋባት ማለች።

ነዋፍ አል ራዋቢ በሚባል ሰፈር፣ ትልቅ ግቢ ውስጥ የሚኖር የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ቦሰና ከተወለደበት ሳምንት ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የትልልቆቹን ወሬ የምሰማው በበር ስንጥቅ ነበር፤ ከምሰማው ግማሹ አይገባኝም።

«ኮንትራቷ ካለቀ ስንት ጊዜው! ሰውየው አልለቅም ብሎ ነው እንጂ» ትላለች እናቴ።

«አሠሪዋ፣ ካፊሏ፣ ሁሩብ አድርጎባታል ሐቢባ። ጠፍታለች ብሎ አስመዝግቧል። ፓስፖርቷ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያለ ፓስፖርት ሪያድ ኤምባሲው ድረስ ሄዳ የጉዞ ወረቀት ልታወጣ ነው? መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው።» ይህ አባቴ ነው።

«ታዲያ ምህረቱ ሊያልቅ አይደል?»

ምህረት የአላህ ነው ሲባል ስለሰማሁ እንዴት ሊያልቅ ይችላል ብዬ ተጨነቅሁ። መንግሥት ያወጀው ምህረት እንደሆነ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ያለ ቅጣትና ያለ እስር ወደ አገሩ የሚገባበት ጊዜ እንደተቆረጠ የነገረኝ የለም። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ቦሰና ከዳነች መሄዷ ነው። ስለዚህ ማታ ስተኛ እንዳትድን ዱዓ አደርግ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቦሰናን ለማሸነፍ ዘዴ ፈጠርኩ። እናቴ የሰጠቻት ስልክ ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶ አለ፤ ሙሉብርሃን ትባላለች፣ ልጇ ናት። ደብረ ታቦር ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። «እኩያሽ ናት» ትለኝ ነበር ቦሰና፤ «እንዳንቺው ለፍላፊ ሳትሆን አትቀርም።» ሦስት ዓመቷ ላይ ትታት ነው የመጣችው። ሲደዋወሉ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ልጅቱም ታፍራለች መሰለኝ ሰላም ብላ ስልኩን ለአያቷ ትሰጣለች። በዚያ ሳምንት አዲስ ፎቶ ተልኮላት ነበር። ቦሰና ገላዋን ስትታጠብ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ በታብሌቱ አንሥቼ በሣጥን ቆራረጥኩትና ስትመጣ የስፌት መኪናው ላይ አስደግፌ አቀረብኩላት።

ራቅ ብላ ቆመች። ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«ሰማያዊ ከታች ነው» አለች፤ «ቀስተኛዋ ናት?»

«አይደለችም!»

ሣጥኖቹ ተከፈሉ።

«ጥቁር ከላይ... ፀጉር ነው። ያ ደግሞ ግድግዳ ነው። ቀበሮው አይደለም። የጨዋታው ሰው ነው?»

«አልናገርም!»

እንደገና ተከፈሉ። ቦሰና ቀስ ብላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እኔን የከለከለችኝን ማድረጓ ነው፤ አፍንጫዋ ሊነካው ደረሰ። ከዚያ ዞር ብላ ፈገግ አለችኝ።

«አገኘሁሽ! አንቺ ነሽ አይደል? ቡሽራ ናት!»

ሥዕሉ ጠራ። ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰች፣ ፀጉሯን የተሠራች፣ ኮስተር ያለች ልጅ ነበረች።

እኔ ቦሰና አንድ ኮከብ እንኳ አላገኘችም እያልኩ በእጄ እያጨበጨብኩ ክፍሉን ዞርኩት። እሷ ተመልሳ መታጠቢያ ቤት ገባችና የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። አሁን ታጥባ ወጥታ ምን ልትታጠብ ነው አልኩ። መሸነፍ አትወድም ማለት ነው ብዬም ደመደምኩ። እናቴ መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ለምን እንደቆነጠጠችኝ አልነገረችኝም። የሌላ ሰውን ልጅ በመጀመሪያው ሣጥን የምታውቅ ሴት የራሷን ልጅ ሥዕሉ እስኪጠራ ድረስ አላወቀቻትም።

ማታ እራት ላይ ዓሣውን ሳትነካ «እት ሐቢባ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች። «ቢይዙኝም ይያዙኝ። ልጄ ሰው ሆና አልቃ ነው እኮ።»

አባቴ ቀና አለ። «በሦስት ቀን ብትያዢ መች እንደምትወጪ ታውቂያለሽ? ትንሽ ታገሺ። ኢንሻአላህ መንገድ እንፈልጋለን።»

«እስከ መቼ ጋሽ መሐመድሰዒድ? ጊዜው እኮ እያለቀ ነው።»

አባቴ ዓሣውን አጥንት በአጥንት መለየት ጀመረ።

ረመዳን ገባ። ከገባ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ከነዋፍ ሥዕል መጣ። የመጀመሪያው ሣጥን ቀይ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሆኖ መካከሉ ላይ ቢጫ አለበት፤ ጥጉ ላይ ብቻ አንዲት ትንሽ ቀይ ነጥብ ትታያለች።

«የሀብት ሣጥን!» አልኩ። ወርቅ የሞላበት የእንጨት ሣጥን ጨዋታው ውስጥ ነበር። ሣጥኖቹ ሲከፈሉ የቦሰና እጅ ወደ አፏ ሄደ። እንደገና ሲከፈሉ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እቴ ቦሰና፣ ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?»

ነጥቧን በአውራ ጣቷ ሸፈነቻት። «ካባው ናት» አለችኝ። «ሂጂ እናትሽን ጥሪያት።»

የቡናማው ነገር ስም ፓስፖርት ነበር። አባቴም ከሥራ መጣ፤ ሦስቱ ታብሌቱን ከበው ቆሙ።

«ወጥመድ ነው» አለ አባቴ። «ወላሂ ካፊሏ ነው የላከው። የአምስት ዓመት ልጅ ከአባቱ መሳቢያ ፓስፖርት አውጥቶ ፎቶ ያነሣል?»

«የዛሬ ልጅ ምን የማያደርገው አለ?» አለች እናቴ። «ያንተዋስ ባለፈው ስልክህን ቻይንኛ አድርጋልህ ሳምንቱን ሙሉ ስትሰቃይ አልከረምክም?»

«ነዋፍ ነው የላከው» አለች ቦሰና።

«በምን አወቅሽ?»

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ ሁለት ሥዕሎች ተከታትለው መጡ። አንደኛው ቢጫና አሸዋማ ነው። «ሸርተቴው ነው» አለች ቦሰና፤ «እነሱ ሰፈር መናፈሻው ውስጥ ያለው። በየቀኑ እዚያ ነበር የምወስደው።» ሁለተኛውን ያወቅሁት እኔ ነኝ። ጠቆር ያሉ ክብ ክብ ነገሮች፣ ጎናቸው ብርቱካንማ ጎድጓዳ ነገር። ቴምርና ሾርባ። በረመዳን በየቤቱ የሚቀርበው ማፍጠሪያ ማለት ነው።

አባቴ ታብሌቱን ተቀብሎ አየው። «በማፍጠሪያ ሰዓት እዚያ ኑ ማለት ነው» አለ። «አዛን ሲል መንገድ ላይ ድመት እንኳ አይገኝም። ፖሊሱም ሾርባው ላይ ነው። ሱብሓነላህ፣ ይሄ የልጅ ጭንቅላት ነው?»

«ወጥመድ ቢሆንስ እነሱም ጾመኞች አይደሉም እንዴ?» አለች እናቴ። «ሆዱ እየጮኸ ማን ሰው ያሳድዳል? እኛም አብረን እንሄዳለን። ቤተሰብ የያዘ መኪና ማንም አያስቆምም።»

በዚያው ዕለት እኔንም ይዘውኝ የሄዱት ለዚህ ነው። እኔ ግን ጀግናው ቤቱን ሊያሳየን የጠራን መስሎኝ በደስታ አብጄ ነበር። አባቴ የወርክሾፑን አሮጌ መኪና ከመናፈሻው ትንሽ ራቅ አድርጎ አቆመ። እናቴ ጭኗ ላይ ቴምርና ላበን የሚባለውን እርጎ ይዛለች። መንገዱ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፤ የመጨረሻዎቹ መኪኖች እንደ ሰከረ ሰው እየበረሩ ወደየቤታቸው ገቡ። ከዚያ አዛኑ ከየአቅጣጫው ተነሣ። አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ አንድ ቴምር አፉ ውስጥ ከተተና ሳያኝከው ቀረ።

«እንውጣ» አለች እናቴ።

እሷና ቦሰና አብረው ወረዱ። ሁለቱም እናቴ ከአንድ ጨርቅ የሰፋችውን አባያ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ነበር። ቁመታቸውም አንድ ነው። ከኋላ ሳያቸው እኔ እንኳ እናቴ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ዓይኔን ጨፈን ማድረግ ነበረብኝ።

ሸርተቴው ጫፍ ላይ ቀይ ፎጣ የለበሰ ልጅ ቆሟል። ወዲያ ማዶ አንድ ትልቅ ነጭ መኪና አለ። ከመኪናው ጎን አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። «ያቺ ማን ናት?» ስለው አባቴ «አዲሷ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ይዛው መጥታ ነዋ» አለኝ።

ልጁ ጥቁር የለበሱትን ሁለት ሴቶች አንድ ጊዜ አያቸው። ከዚያ ሸርተቴውን ወርዶ፣ ተነሥቶ፣ እናቴን አልፎ ቀጥ ብሎ ሮጠና ቦሰና ላይ ተጠመጠመ። አንድም ነገር ሳይጠይቅ። «በመጀመሪያው ሣጥን!» ብዬ መኪናው ውስጥ ጮኽኩ።

«ወይኒክ ቡሲ?» ሲላት ይሰማኛል፤ የት ነበርሽ ማለቱ ነው። ቦሰና ተንበርክካ ፎጣውን አንገቱ ላይ ደግማ አሰረችለት። እስካሁን እንዴት አድርጋ እንዳሰረችው ትዝ ይለኛል፤ ላልቶ እንዳይወድቅ፣ ጠብቆም እንዳያንቀው ጣቷን በመካከል እያስገባች። ልጁ ከሸሚዙ ሥር የላስቲክ ከረጢት አወጣና ሰጣት። በዚያው ሰዓት ነጩ መኪና ጋ የቆመችው ሴት ዞረች። ስልኳን ወደ እነሱ አነሣች።

አባቴ መሪውን መታው። «ፎቶ እያነሡን ነው! ኸላስ፣ ሐቢባ፣ ግቡ!»

እናቴ ቦሰናን በክንዷ ጎትታ አመጣቻት። ቦሰና ወደ ኋላ እያየች ነበር የምትራመደው፤ ልጁን ነው የምታየው ብዬ ነበር። መኪናው ተነሣ። ማንም አልተከተለንም። ባሕሩ ዳር ስንደርስ እናቴ ከረጢቱን ከፈተችው። ፓስፖርቱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በወርቃማ የፀጉር ላስቲክ ታስሯል። «አልሐምዱሊላህ» እያለች አለቀሰች። አባቴ ላበኑን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ቦሰና ግን ላስቲኩን ፈትታ የራሷን ፀጉር አሰረችበት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። ጀዋዛት የሚሉት ኢሚግሬሽን ሄዳ አሻራ ሰጠች፣ ኹሩጅ፣ ማለትም የመውጫ ፈቃድ፣ ተመታላት። ደማም አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኛት ታብሌቱን ለእኔ ተወችልኝ። አልቅሼ አላባራ ስል ጎንበስ አለችልኝ። እኔም ሌላ ቃል ስላጣሁ «ኩኩሉ» አልኳት።

«ነጋ» አለችኝ። ከዚያ ገባች።

በሳምንቱ ታብሌቱ ላይ አንድ ሥዕል መጣ። ጥቁር በመካከል፣ ጥቁሩ ላይ ቀይ። ሳይከፈል አወቅሁት፤ ቦሰናና ነዋፍ፣ መናፈሻው ውስጥ። ሁለቱን ስም ጽፌ ላክሁ። ልክ አይደለም የሚል መልስ መጣ። ስሞቹን አቀያይሬ ላክሁ። ልክ አይደለም። «ሸርተቴ» ብዬ ሞከርኩ፣ ልክ አይደለም። ነዋፍ ሊያበሽቀኝ ነው ብዬ ተናድጄ ታብሌቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሌላ ሥዕል አልመጣም።

እኛም ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ገባን። አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ወሎም ከእናቴ ቁጣ ውጭ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ቦሰና ደወለችልኝ። ሙሉብርሃን እኛው ጋ ስለተመደበች ይዛት መጥታለች። ልጅቱ ለምዝገባ ገብታ ሳለ ከግቢው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናት። ቦሰና ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። ያንን አሮጌ ታብሌት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። የጠየቀኝ ሰው ባይኖርም ያ «ልክ አይደለም» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ እንደቀረ ነበር።

ሥዕሉን ከፍቼ ሰጠኋት። አላስጠጋችውም፤ እጇን ዘርግታ ከሩቅ አየችው።

«ማን ማን አልሽ?»

«አንቺና ነዋፍ።»

«ሦስት ነን እኮ» አለች።

ፈለግሁ። ሸርተቴው ጥግ፣ ከዛፉ ሥር። «ሦስተኛ ሰው የለም።»

«ፎቶውን ማን አነሣው?»

ቦሰና ሳቀች።

«ያን ሁሉ ሳስተምርሽ ይቺን አላስተማርኩሽም። የአምስት ዓመት ልጅ ራሱን ከሩቅ ያነሣል? ሶፋ ላይ ቆሞ፣ ከደረጃ ሊዘል ሲል? እየሳቀ የሚያየው ወደ እናቱ ነው። ገና ከመጀመሪያው ሥዕል አውቄያታለሁ። ታብሌቱን ከረጢቴ ውስጥ ከትቶ፣ ቻርጀሩን እንደዚያ አድርጎ የሚጠቀልል ሕፃንስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ቀይዋ ነጥብስ? ካባው ናት ብለሽኝ...»

«ጥፍሯ ናት። ፓስፖርቱን የያዘችበት ጣት ነው።» ታብሌቱን መለሰችልኝ። «የወጣሁ ቀን በሩ ላይ ቁልፉ ተሰክቶ ነበር። ሰባት ዓመት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። እሷ ወጥ ቤት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሻይ ታፈላለች። ያቺ ሴት በዕድሜዋ ሻይ አፍልታ አታውቅም ቡሽራ። እስክወጣ አልዞረችም።»

«ታዲያ ለእነ አባቴ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ማዳሟ ናት ብላቸው አባትሽ ታብሌቱን በመዶሻ ነበር የሚሉት። ወሬውስ? ከአንድ ሐበሻ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ባሏ ጆሮ። እኔ አገሬ እገባለሁ፤ እሷ ግን እዚያው እሱ ቤት ናት።»

ያቺ ሴት መናፈሻው ውስጥ ስልኳን ያነሣችው ለማስያዝ መስሎን እንደ ሌባ ሸሽተናታል። ቦሰና ወደ ኋላ ስታይ ማንን ታይ እንደነበረም አሁን ገባኝ።

«ስሟ ማን ነው?»

«ሙኒራ» አለች ቦሰና። ማዳም ከማለት ሌላ በስሟ ስትጠራት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስቱን ስም በዐረብኛ ጻፍኩና ላክሁ። ታብሌቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ጨዋታው ከተረሳ ዓመታት አልፈዋል፤ ከማዶ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ክቧ ትዞራለች። እኔ ስክሪኑን አፍጥጬ እያየሁ ቦሰና ክንዴን ነካ አደረገችኝ። እሷ ታብሌቱን ትታ ወደ ግቢው በር እያየች ነው።

«መጣች» አለች።

ቀና አልኩ። ከሩቅ ከግቢው የሚጎርፍ የተማሪ መንጋ እንጂ ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም፤ ጭንቅላት፣ ጃኬት፣ ቦርሳ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ።

«የቷ? እኔ ምንም አላይም!»

ቦሰና ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ መራመድ ጀምራ ነበር። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ጠበቅሁ፤ ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ከመንጋው መካከል ኮስተር ያለች ልጅ ፊት ጠርቶ ወጣ።